በቁና ማሽላ የተሸጠው ልጅ

ወደ ቀበሌው ስመደብ የተሰጠኝ ነገር ብዙ ነበር፤ ሥልጠና፣ ጃንጥላ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የግድግዳ ሥዕል። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን የቅሬው አባት በሲባጎ አስረው የሰጡኝ ቁልፍ ነው። እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለውን ሌላው አገር እድር ይለዋል። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ለቀስተኛ የሚያበላው እሱ ነው። የዚያ መንደር ቅሬ ቤት ከሐርቡ በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ ከመስጊዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ቆርቆሮው የዛገ አንድ ክፍል ነው። ውስጡ ትልልቅ ድስቶች፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ የተጠቀለለ ድንኳን፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ሬሳ የሚሸከሙበት ቃሬዛ አለ። ለልጆች መዋያ የሚሆን ሌላ ቤት ስላልተገኘ ቅሬው ይህንኑ ሰጠን።

እኔ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። ከዚህ ሥራ በፊት እዚያው ደሴ መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልተፈጠረብኝም፤ ያለችኝን ጥቂቷን ልጆች ላይ እጨርሳትና ለአዋቂ አይተርፈኝም። በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ እወጣለሁ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ አንዱን አወልቃለሁ፣ ሐርቡ ስወርድ ሁለተኛውን። የሚኒባሱ ረዳት ለምዶኛል፤ «እትዬ፣ ዛሬ ስንት ደርበዋል?» ይለኛል። ከሐርቡ በኋላ ያለው ዳገት የእግር ነው፣ እሱን እያማረርሁ እወጣዋለሁ።

ሥራው ወረቀት ላይ ረዥም ስም አለው። እናቶቹ «የልጅ ቤት» ይሉታል፣ እኔም እንደነሱ እለዋለሁ። ትምህርት ቤት ለመግባት ያልደረሱ ልጆች ጠዋት ጠዋት ይሰበሰባሉ፤ እናቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ይውሉላቸዋል። እኔ በሌለሁበት ቀን የሚያስኬዱት ራሳቸው ናቸው። ተራው በቅሬ ደንብ ስለሆነ የቀረች ትቀጣለች፤ ቅጣቱ ከምንጭ አንድ ጀሪካን ውሃ አምጥቶ የልጆቹን መታጠቢያ መሙላት ነው። መጫወቻው ከመንደሩ የተለቀመ ነው፤ የጠርሙስ ክዳን፣ ከማሽላ አገዳ የተሠራ በሬ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ጠጠር የተሞላበት የዘይት ዕቃ። እውነቱን ለመናገር ግን ልጆቹ ከሁሉም የሚወዱት ቃሬዛውን ነበር። ሚኒባስ አድርገውታል። አንዱ ከፊት ይቀመጥና ይነዳል፣ አንዷ ከኋላ ቆማ «ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ!» እያለች ተሳፋሪ ትጠራለች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደንግጬ ነበር፤ ውሎ ሲያድር እኔም ለመድሁት።

ለእናቶቹ የምነግራቸው ነገር ተጠቅልሎ ሲታይ አንድ ነው፤ ልጅሽን አናግሪው። ስታጥቢውም፣ ስታጎርሺውም፣ ማሽላ ስትለቅሚም አጠገብሽ አስቀምጠሽ ምን እንደምትሠሪ ንገሪው። መጀመሪያ ሰሞን በሳቅ ሞቱብኝ።

«ኸጨቅላ ጋር ምን ወሬ አለኝ እትዬ? ስለ ገበያ ልንገረው?» አለች አንዷ።

«ስለ ገበያ ንገሪው።»

«ወላሂ፣ ዋጋውን ኸሰማማ እሱም ያለቅሳል!»

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚሉኝም ነበሩ። ከዚህ ተረት ጋር ስጣላ ነው የኖርሁት። በዕድሉ የሚያድግ ቢሆን ኖሮ እኔ በዚያ ፀሐይ ዳገት ምን አስወጣኝ?

ጠዋት የምንጀምረው ስም በመጥራት ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ ባለተራዋ እናት አንድ በአንድ ትጠራቸዋለች፣ የተጠራው ብድግ ብሎ «አቤት!» ይላል፣ ሌሎቹ ያጨበጭቡለታል። ሌላ ነገር የለውም። ግን እሱን ሳንጫወት ሌላ ልጀምር ብል ያምጹብኛል።

የቅሬው አባት ቤታቸውን ለመጠበቅ በሚል ሰበብ ጠዋት ጠዋት ይመጡና በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው፣ ለድስቶቹ የሚሳሱ ሰው ናቸው። ስለ ልጅ አስተዳደግ አንድ ሕግ አላቸው። ከልጆቹ አንዱ ሲጠራ ተሳስቶ «ወዬ» ካለ በትራቸውን ያነሳሉ።

«ወዬ አይባልም! ወዬ የሚል ትልቅ ሰው ነው። ልጅ አቤት ነው የሚል!»

ልጆቹ ወዬን የተማሩት ከአንዲት ሴት ነው። ከቅሬው ቤት አጠገብ የምትኖር፣ የእኔ እኩያ የምትሆን፣ ሰው ሲጠራት ከቤቷ ሆና ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ «ወዬ!» የምትል ጎረቤት ነበረችን። ሽማግሌው በሷ ተስፋ ቆርጠዋል።

በአንዱ ጠዋት ከአጥሩ ውጭ አንዲት ወጣት ሴት ቆማ አየሁ። ቀሚሷን የጨበጠ ልጅ አብሯት አለ፤ ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ የሚመስል፣ ፀጉሩ ተላጭቶ ቁንጮ የተተወለት፣ አንድ ጆሮው ተበስቶ ክር የገባበት። የለበሰው የሴት ልጅ ቀሚስ ነው፤ ወንድ መሆኑን ያወቅሁት ቀሚሱን ሰብስቦ አጥሩ ሥር ሲሸና ነው። እንድትገባ ጋበዝኋት። አገጯን ወደ ቤቱ ውስጥ ቀሰረች። ልጆቹ ቃሬዛው ላይ ተቀምጠው ደሴ ሊገቡ ጥቂት ቀርቷቸዋል።

«ያ ያለበት ቤት አላስገባውም» አለችኝ።

«እሺ፣ ልጅሽ ስሙ ማን ነው?»

«የኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የጎረቤቴ» አለችና ባለ ወዬዋን ሴት ቤት አሳየችኝ። የልጁ ግንባርና ቅንድብ ግን ቁርጥ የራሷን የወጣቷን ነበር።

ጎረቤትየዋን ጠየቅኋት። «አዎ የኔ ነው» አለች ሳትሽኮረመም። «ኸተወለደ በሳምንቱ በቁና ማሽላ ገዝቼዋለሁ። ሽማግሌው ይመስክሩ!»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ደሴም ቢሆን ይህን የማያውቅ የለም። ልጅ አላድግላት ያለች እናት ሌላ ሲወለድላት የኔ አይደለም ትላለች። ለጎረቤት ትሸጠዋለች፣ ወንዱን ሴት ታለብሰዋለች፣ ሞት ቤቱን ቢያንኳኳ የሚወስደው እንዲያጣ ማለት ነው። ይህች ሴት ከዚህ ልጅ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ አፈር ሆነዋል። ባሏ ኮምቦልቻ የቀን ሥራ ነው የሚውለው፣ ለጁምዓ ለጁምዓ ይመጣል። ሌላው ቀን እሷና ልጁ ብቻ ናቸው።

እኔን ያሳሰበኝ ልብሱም ቁንጮውም አልነበረም። ልጁ አይናገርም። በጣቱ ያሳያል፣ ቀሚስ ይጎትታል፣ በአፍንጫው እም እም ይላል፣ በቃ። የሱ እኩዮች እኔ ጋ እንደ ጠበቃ ይከራከራሉ። ቀስ እያልሁ ሳይ ምክንያቱ ተገለጠልኝ። መንደሩ በሙሉ ተባብሮ ዝም ብሎታል። መንገድ ላይ ሲያገኙት ፊታቸውን ያዞራሉ። «አደገ» የሚል የለም፣ «ና እስቲ» የሚል የለም፣ ስሙ አይጠራም፤ የግድ ስለሱ መነጋገር ካስፈለገም «ያ» ይሉታል። እናቱ ራሷ ስታበላው አታወራም። ከክፋት ቢሆን ኖሮ ከሁሉም ጋር እጣላ ነበር። ለሷ ከማዘን፣ ለሱ ከመሳሳት ነበር።

መጀመሪያ ቃሬዛውን ለቅሬው አባት ነገርኋቸው። ለካ እሳቸውም ለምደውት ኖሯል። ትንሽ አሰቡና «እኛ ለልጅ ቤት ሰጠን ብለን ጀናዛ ኸሚሸኝበት ነገር ጋር ነው ያኖርናቸው። አስተግፊሩላህ» አሉ። በማግሥቱ ወንዶቹ መጥተው ቃሬዛውን ወደ መስጊዱ ጓሮ ወሰዱት። ልጆቹ ሚኒባሳችን ተወሰደ ብለው አለቀሱ፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር አገጣጥመን ሌላ ሠራንላቸው። ሴትየዋም ቃሬዛው መነሳቱን አይታ ልጁን ይዛ ገባች። ስም ሲጠራ ግን ልጁን አቅፋ ውጭ ትቆማለች።

የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ልጁን አይታው ጆሮው ይታይ አለች። እናቱ አንገራገረች። ያግባባቻት ገዢዋ ጎረቤቷ ናት፤ «ልጁ የኔ ነው፣ ወስጄ አሳየዋለሁ፣ አንቺ ኸፈለግሽ ተከተይን» አለቻት። እንዲህ እየተሳሳቅን፣ ሦስት ሴቶችና አንድ ልጅ፣ በሚኒባስ ደሴ ገባን። ልጁ እስከ ኮምቦልቻ በመስኮት ሲያይ ቆየና ወደ ደሴ ዳገቱን ስንጀምር ብርዱ አስተኛው።

ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ስንደርስ ጸሐፊዋ «ስሙ?» አለች። ገዢዋ እናቱን አየቻት፣ እናቱ መሬቱን አየች።

«ስሙን ነው የጠየቅሁት።»

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻ እናቱ ወደ መስኮቱ ተጠግታ፣ አፏን በነጠላዋ ከልላ፣ ለጸሐፊዋ ብቻ አንሾካሾከች። ስም ያልወጣለት አልነበረም። በሰባተኛው ቀን በወጉ ወጥቶለታል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከማንም አፍ አልወጣም። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ነርሷ በሩን ከፈተችና በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ጮክ ብላ ጠራችው። እናቱ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነስታ የልጁን ሁለት ጆሮ በመዳፏ ደፈነች። ልጁ ግን ከእጇ ለመውጣት ታገለ እንጂ ዞር ብሎ እንኳን አላየም። የተጠራው እሱ መሆኑን በምን ያውቃል?

ዶክተሩ ልጅ እግር ነው። ከልጁ ኋላ ቆሞ ቁልፉን አንቃጨለ፤ ልጁ ዞረ። ወረቀት አንኮሻኮሸ፤ ዞረ። ሌላም ሌላም አደረገና «ጆሮው ደህና ነው» አለ። «ቤት ውስጥ ያናግሩታል?»

እናቱ የልጁን ቀሚስ ማስተካከል ያዘች።

«እንግዲህ አናግሩት። ከዚህ በላይ ከቆየ ይከብደዋል» አለና የሚቀጥለውን በሽተኛ አስጠራ።

ምሳ እኔ ቤት ይዣቸው ሄድሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እነሱ ሙስሊም፤ ሽሮ ሠራሁ፤ ሽሮ ሃይማኖት የለውም። ገዢዋ እየበላች ቤቴን ታደንቃለች። እናቱ አልበላችም። ልጁ ወለሉ ላይ በማንኪያ ሲጫወት እሱን ሳታይ፣ እኔን እያየች፣ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች።

«ያኛውን፣ ኸዚህ በፊት የነበረውን፣ ስሙን ስጠራ ነበር የምውል። ኸምንጭ ውሃ ይዤ ስመለስ ገና ኸሩቅ እጠራዋለሁ፣ አቤት እማ ይለኛል። ደስ ስለሚለኝ ነው፣ ለሌላ አልነበረም። ማዶው ሁሉ ይሰማል። የሰማኝ ነገር አለ፣ እትዬ። እኔ ነኝ የጠቆምሁበት።»

«ትኩሳት ነው የገደለው» አልኋት። «ድምፅሽ አይደለም።»

«ትኩሳቱንስ ማን ጠራው?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ይህች ግን ያየችው ልጥ አልነበረም፣ እባቡን ራሱን ደጋግማ አይታዋለች። ብትጠራው ይሞትብኛል ብላ ትፈራለች፤ ካልጠራችው ደግሞ ዲዳ ሆኖ ይቀራል። ስለ አእምሮ እድገት የሰለጠንሁትን ሁሉ አስቤ አንዱም ለዚህ አልሆን አለኝ። ደግሞም ተናደድሁ፤ በማን እንደተናደድሁ ግን አላውቅም።

ሲመለሱ የደሴው ሰኞ ገበያ ድረስ ሸኘኋቸው። በዚያ ግፊያ መሀል እናቱ ከአንድ የልባሽ ክምር ላይ ትንሽ የወንድ ልጅ ሱሪ አነሳች። ለካችው፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ዋጋውን እንኳን አልጠየቀችም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኔ በሚቀጥለው ጉዞዬ ገና ቁልፉን ከበሩ ሳልነቅል የቅሬው አባት ላይ ነው የጮህሁት።

«አባባ፣ ይህ ልጅ ጤነኛ ነው! ስሙን የሚጠራው ሰው ካጣ ሳይናገር ሊቀር ነው። እርስዎ ደግሞ እዚህ ተቀምጠው አቤት ነው ወዬ ነው ይላሉ!»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝና እንድቀመጥ ቦታ ለቀቁልኝ። ከዚያ ጠየቁኝ። ዶክተሩ ምን አለ? ልጁ ነርሷ ስትጠራው አልዞረም? እናቱ ስለሞተው ልጅ ያለችውን ቃል በቃል ንገሪኝ አሉ። ስጨርስ «እናቱ ልትመልሰው አትችልም» አሉ። «የተሸጠ ልጅ ጥርስ ሳይነቅል አይመለስም። እሱን አፍርሺ ኸተባለች በፍርሃት ትሞታለች።» ከዚህ ሌላ ምንም ሳይሉኝ ተነስተው ሄዱ።

ቅሬው ሲሰበሰብ እኔንም ጠሩኝ። የሚያወሩት እንደተለመደው ስለ ተቀደደው ድንኳንና ሳይመለስ ስለቀረ ድስት ነበር። እሱ ሲያልቅ ሽማግሌው የልጁን ነገር አነሱ። አንድ ሰው ቅር አለውና «ቅሬ የሞተ ይቀብራል እንጂ ያለ ሰው ስም ሲጠራ አላየንም» አለ።

«አዎ፣ አላየንም» አሉ ሽማግሌው። «የዚህችን ልጅ ሕፃናት ተራ በተራ ሁላችን ሄደን ቀብረናል። አንዱን ለማኖር መተባበር ካቃተን ግን ድስቱን ተከፋፍለን እንለያይ።»

«እሷ የፈራችው ድምጿ ተለይቶ እንዳይሰማ ነው» ብለው ቀጠሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ሁላችን እንጥራው። ወንዱም ሴቱም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጥራው። ያን ጊዜ ማን እንደወለደው፣ ማን እንደገዛው፣ ማን ይለየዋል?»

ገዢዋ ብድግ አለች። «ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ! ግን ይመለስልኝ የሚል ኸመጣ ማሽላ ተወዷል፣ በድሮው ዋጋ አልሰጥም!»

ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ወደ እናቱ ዞሩ። ከሴቶቹ ኋላ ተከናንባ ተቀምጣለች። «እናንተ ጥሩት» አለች በቀስታ። «እኔን ግን አፉ በሉኝ፣ አልጠራውም።» ማንም አላስገደዳትም። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ሰዉ አሚን አለ፤ እኔም በበኩሌ አሜን አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነበር። መንደሩ በልክ ማድረግ አያውቅም። ከመስጊድ የሚወጣው ይጠራዋል፣ ወደ ገበያ የሚወርደው ይጠራዋል፣ የገዛ ልጆቹን ስም አቀላቅሎ የሚጠራ አባወራ ሁሉ ይህን ልጅ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ በሙሉ ስሙ ይጠራዋል። ልጁ ግራ ገባው። መጀመሪያ ይሸሽ ነበር። ቀጥሎ ቆም ብሎ ማየት ጀመረ። ውሎ አድሮ ስሙ ሲጠራ ራሱን ቀና ያደርጋል። እኔ ጋም ከልጆቹ ጋር ሚኒባስ ገባ፤ አንድ ቀን ወንበሩን ሊቀማው የመጣውን ልጅ በግልጽ አማርኛ «እምቢ!» አለው። በደስታ ጮህሁ። እምቢተኝነት የሚያስጨበጭብበት ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ስም ስንጠራ ግን አይመልስም። ዓይኑን ወደ ጠሪዋ ያነሳል፣ አንዳንዴ ይቆማል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለሱ ደግሞ የሚያጨበጭብለት እየጠፋ ሄደ።

እናቱም የራሷን ዘዴ አገኘች። ተራዋ ሲደርስ ትቀራለች። ቅጣቱ ጀሪካን ውሃ ነው አይደል? ታመጣዋለች። ስም ከምትጠራ ዳገቱን በውሃ መውጣት ይቀላት ነበር። በሷ ቅጣት የልጆቹ እጅ እንደዚያ ሰሞን ጸድቶ አያውቅም። ውሃውን ከበሩ ውጭ ትገለብጥና ልጇን በስንጥቁ አይታው ትሄዳለች። እኔ አንዳንዴ ይዤ ልወዘውዛት ያምረኝ ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ ጀሪካኑን ተቀብዬ አብሬያት ላለቅስ።

ደሴ ክረምቱ ገብቶ ብርዱ የባሰበት ሰሞን ነው። ድምፄ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ፣ በእጄ እያወራሁ፣ ቅሬው ቤት ደረስሁ። ማዶ ባለው ጎጥ ሰው ሞቶ ኖሮ ድስቱም ድንኳኑም ወጥቷል፣ ወንዱም ሴቱም ቀብር ሄዷል። ባለተራዎቹ እናቶችም፣ ባለ ወዬዋም ለቀስተኛ ሊያበሉ ሄደዋል። የቅሬው አባት ጉልበታቸው ስላልቻለላቸው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ ባዶው ቤት ውስጥ ክብ ሠርተው ይጠብቃሉ። እናቱ ለባለፈው ተራዋ ቅጣት ውሃ ይዛ ስትመጣ በምልክት ለመንኋት። ጉሮሮዬን አሳየኋት፣ ልጆቹን አሳየኋት።

«እኔ አልችልም እትዬ።»

«ጥሪን! ጥሪን!» አሉ ልጆቹ።

ሽማግሌው ወደሷ አልዞሩም። ወደ መንገዱ እያዩ «ሌሎቹን ጥሪ» አሏት። «እሱን ኸፈራሽ ተይው።»

ጀሪካኗን አስቀምጣ ገባች። ከበሩ በስተቀኝ ካለችው ልጅ ጀምራ ጠራች። አቤት፤ ጭብጨባ። ቀጠለች። አቤት። ድምጿ እየተፈታ መጣ፤ የአንዱን ትንሽ ልጅ ስም ስትጠራ ፈገግም አለች። እየዞረች መጥታ በሩ ሥር፣ ሽማግሌው አጠገብ ደረሰች። እዚያ የተቀመጠው የራሷ ልጅ ነው፣ ቀሚሱን ለብሶ፣ እግሩን ዘርግቶ። ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። ልጆቹ ለማጨብጨብ እጃቸውን አንስተው ይጠብቃሉ።

«እሱ ቀረ» አለች አንዲት ልጅ፣ የረሳች መስሏት።

እናቱ ወደ ልጁ ጎንበስ አለች። ከዚያ ጠራችው። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ እንዳንሾካሾከችው ያህል ነበር፤ ከበሩ ውጭ ሊሰማ አይችልም።

ልጁ ብድግ አለ። ቀሚሱን በሁለት እጁ ሰበሰበ።

«ወዬ!»

የገዢዋ ድምፅ ነበር፣ ቁርጥ እሷን። ማዶ ድረስ የሚሰማ፣ የትልቅ ሰው ወዬ። ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ሽማግሌው በልማድ በትራቸውን አነሱ፤ «ወዬ አይ...» ብለው ጀመሩና እናቱን አዩ። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። በትሩን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ነገ አቤት ይላል» አሉ።

እኔ ድምፅ ስላልነበረኝ የማለቅሰውም ያለ ድምፅ ነበር፣ ማንም ሳያውቅብኝ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱን ቆልፌ ወደ ሐርቡ መውረድ ጀመርሁ። ቀብር የሄዱት ገና አልተመለሱም፣ መንደሩ ጭር ብሏል። ወደ ምንጩ የሚገነጠለው መንገድ ጋ ስደርስ የልጁን ስም ሰማሁ። የምትጠራው እሷ ናት፣ ጀሪካን ተሸክማ ገና ከሩቅ፤ እንደ ጠዋቱ በሹክሹክታ ሳይሆን፣ ማዶው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ እንደሚችል እያወቅሁ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ወዬ!» አለ ልጁ ከቤት።

ደግማ ጠራችው።